የእንግዳ መቀበያው ጥግ፦ 38,000 ነጥብ ከ110,000 ሲበልጥ

በቨርጂኒያ በሦስት ሆቴሎች 17 ዓመት ሪሴፕሽን ላይ ሠርቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት ፈረቃ ነበርኩ። የቀኑን ሒሳብ የምዘጋው፣ የአባልነት ቁጥር የማስገባው፣ «ነጥቤ የት ገባ?» ብሎ ለሚመጣ እንግዳ መልስ የምሰጠው እኔ ነበርኩ። ሥራውን ካቆምኩ ወዲህ የአንባቢዎችን የሆቴል ጥያቄ በዚህ ገጽ እመልሳለሁ። በዚህ ወር ከመጡት ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ነጥብ ናቸው፤ የሆቴል ኩባንያዎች አባሎቻቸው ባደሩ ቁጥር ስለሚሰጡትና በኋላ በነጻ ስለሚታደርበት ነጥብ። ደስ ብሎኛል። ሰው በላቡ ያገኘውን ነጥብ ዋጋውን ሳያውቅ ሲጥለው ብዙ ጊዜ አይቻለሁና።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። በሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር ነርስ ነኝ። በኮንትራት ስለምሠራ በየከተማው ሆቴል አድራለሁ። አሁን በሂልተን 110,000፣ በማሪዮት 62,000፣ በሃያት 38,000 ነጥብ አለኝ። ባለቤቴ «የሂልተኑን አትንኪው፣ ትልቁ ሀብታችን እሱ ነው» ይለኛል። በጁላይ ከልጆቹ ጋር ለኳሱ ውድድር እንሄዳለን። ለገና ደግሞ አዲስ አበባ እንገባለን። የትኛውን የት ላውለው? ለጁላይ ያየኋቸውን ዋጋዎች ልኬልሃለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ትልቁ ሀብታችሁ ግን የሃያቱ ነው።

100 ብርና 100 ዶላር ቁጥራቸው አንድ ነው። ይሁን እንጂ ማንም እኩል ናቸው አይልም። የሆቴል ነጥብም እንደዚያው ነው። እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን ገንዘብ ያትማል። ምንዛሪውንም የሚወስነው ራሱ ነው።

ምንዛሪውን ለማወቅ ስልክሽ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃል። የክፍሉን ዋጋ ከነታክሱ ያዢ። ለዚያው ክፍል፣ ለዚያው ሌሊት በተጠየቀው ነጥብ አካፍዪው። በ100 አባዢው። የአንድ ነጥብ ዋጋ በሳንቲም ይወጣልሻል። ታክሱን አትርሺ። በነጥብ ስታድሪ አብዛኛውን ጊዜ ታክስ የለብሽም፣ ስለዚህ የምታተርፊው ከነታክሱ ያለውን ነው።

እኔ ለዓመታት ይህን ስሠራ የራሴን ሚዛን ይዣለሁ። የሃያት ነጥብ 1.7 ሳንቲም ካወጣልኝ እጠቀምበታለሁ። የማሪዮት 0.7 ሳንቲም። የሂልተንና የአይ ኤች ጂ (የሆሊዴይ ኢን ኩባንያ) 0.5 ሳንቲም። ከዚህ ካነሰ በገንዘቤ እከፍላለሁ። በዚህ ሚዛን የአንቺን እንይ። ሂልተን 550 ዶላር ነው። ማሪዮት 434 ዶላር። ሃያት 646 ዶላር። በቁጥር ትንሹ በዋጋ ትልቁ ሆነ ማለት ነው።

አሰጣጡም ይለያያል። ሃያት ለአንድ ዶላር 5 ነጥብ ይሰጣል። ማሪዮትና ሂልተን በአብዛኞቹ ሆቴሎቻቸው 10 ይሰጣሉ። 10 ሲባል ደስ ይላል። ግን 100 ዶላር ስትከፍዪ በሃያት 8 ዶላር ከ50፣ በማሪዮት 7 ዶላር፣ በሂልተን 5 ዶላር ያህል ነው የሚመለስልሽ። አንቺ ኮንትራት ላይ ስትሆኚ ኩሽና ያለበት ክፍል ትመርጪ ይሆናል። እዚያ ላይ ተጠንቀቂ። የማሪዮቱ ሬዚደንስ ኢን እና የሂልተኑ ሆም ቱ ስዊትስ የሚሰጡት 5 ብቻ ነው። ግማሽ ማለት ነው።

ወደ ጁላይ እንምጣ። ውድድሩን የሚያዘጋጀው የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በ1984 (እ.ኤ.አ.) ከተመሠረተ ጀምሮ ያ ሳምንት የኛ ሰው የሚገናኝበት ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ከተማ ላይ እንፈሳለን። በዚያ ላይ የአሜሪካኖቹ የጁላይ 4 በዓል አለ። የክፍል ዋጋ ሰማይ ይወጣል። የነጥብ ልዩነት የሚታየው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ሂልተን የየሆቴሉን የነጥብ ዋጋ አስቀድሞ የሚወስነውን ቋሚ ሠንጠረዡን በ2017 (እ.ኤ.አ.) ትቷል። ማሪዮትም በ2022 (እ.ኤ.አ.) ተከትሎታል። ዛሬ ሁለቱም ጋ ገንዘቡ ሲወደድ ነጥቡም አብሮ ይወደዳል። ሃያት ግን ሆቴሎቹን በደረጃ መድቦ ለየደረጃው የነጥብ ዋጋ ያወጣል። ሰው በሚበዛበት ሌሊት ይጨምራል፣ ግን ጣራ አለው። ስለዚህ ገንዘቡ ሲንር የሃያት ነጥብሽ ይከብራል።

የላክሽልኝን ዋጋ አሰላሁት። የሃያቱ ክፍል ከነታክሱ 214 ዶላር ወይም 12,000 ነጥብ ነው። አንድ ነጥብ 1.78 ሳንቲም አወጣ። የሂልተኑ 205 ዶላር ወይም 60,000 ነጥብ ነው። አንድ ነጥብ 0.34 ሳንቲም ብቻ። ከሚዛኔ በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ ጁላይ ላይ በሃያት ሦስት ሌሊት ያዙ። 36,000 ነጥብ ይሄዳል፣ 642 ዶላር ኪስሽ ውስጥ ይቀራል። ዛሬውኑ ያዢው። በነጥብ የሚሰጡ ክፍሎች ቀድመው ያልቃሉ። ሐሳብሽ ቢለወጥ ደግሞ በወቅቱ ከሰረዝሽ ነጥቡ ይመለስልሻል። የሚሰረዝበትን የመጨረሻ ቀን ግን ጽፈሽ ያዢ።

የሂልተኑን ባለቤትሽ እንዳለው አትንኪው፣ ለጊዜው። ሂልተን አንድ ጥሩ ነገር አለው። ቤተሰብና ጓደኛ እስከ 11 ሰው ሆኖ ነጥቡን ያለ ክፍያ በአንድ ላይ ማጠራቀም ይችላል። እንደ እቁብ አስቢው። የባለቤትሽን፣ የእህትሽን፣ የአንቺን አንድ ላይ አድርጉ። ሲልቨር የሚባለው የአባልነት ደረጃ ካለሽ ደግሞ አምስት ሌሊት በነጥብ ስትይዢ አምስተኛውን አያስከፍሉሽም። ሲልቨር ዓመታዊ ክፍያ ከሌለው የሂልተን ክሬዲት ካርድ ጋርም ይመጣል። ዋጋው በማይንርበት ሳምንት አምስት ሌሊት ብትወጡ ያኔ ያዋጣል።

አዲስ አበባን በተመለከተ ከልቤ የምነግርሽ አለ። ሸራተን አዲስ የማሪዮት ቤተሰብ ነው። መስቀል አደባባይ ላይ ያለው ሃያት ሪጀንሲም አለ። ነጥብሽ ሁለቱም ጋ ይሠራል። ግን እናትሽ በሕይወት ካሉ ሆቴል አድራለሁ ስትዪ እንዴት እንደሚያዝኑ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ አንድ ጊዜ አድርጌው እናቴ «ቤቴ ጠበበህ?» አለችኝ። ያ ቃል እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ነጥቤን የማውለው ለአንድ ሌሊት ብቻ ነበር። ከመመለሴ በፊት ባለችው ቅዳሜ እናቴን ይዤ እገባ ነበር። ቁርሱን አብረን እንበላ ነበር። ሠራተኞቹ «እማማ» እያሉ ሲያስተናግዷት ደስ ይላት ነበር። የማሪዮት 62,000 ነጥብሽን ለእንዲህ ያለ ሌሊት ያዢው። ቀኑ ሲቀርብ ዋጋውን አይተሽ አስዪ። 0.7 ካልሞላ በገንዘብሽ ክፈዪና ነጥቡን አቆዪው።

እዚያ በብር ብትከፍዪም ነጥቡ የሚሰላው ወደ ዶላር ተመንዝሮ ነው። ብር ከሐምሌ 2016 (በእኛ አቆጣጠር) ወዲህ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር በብር ትልቅ የመሰለ ደረሰኝ ነጥቡ ትንሽ ሊሆን ይችላል። አትደንግጪ። ምሳ ከበላችሁ ደግሞ ሒሳቡን በክፍልሽ ላይ አስመዝግቢው። ምግቡም ነጥብ ያስገኛል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምኖረው ኮሎምበስ ኦሃዮ ነው። ትራክ እነዳለሁ። በወር ስድስት ሰባት ሌሊት መንገድ ላይ ሆቴል አድራለሁ። ሁሌ የምይዘው ርካሽ በሚሸጥ ድረ ገጽ ነው። አባልነትም አለኝ። ግን አንድም ነጥብ አይገባልኝም። ለምን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ምክንያቱ ድረ ገጹ ነው። ከሌላ ሻጭ የተገዛ ክፍል ለሆቴሉ የሻጩ ሽያጭ እንጂ የራሱ አይደለም። ነጥብም የለውም፣ ለደረጃ የሚቆጠር ሌሊትም የለውም። ካርድህን ብታሳይም ሪሴፕሽኑ ምንም ማድረግ አይችልም።

አንድ አባት ትዝ ይሉኛል። በየወሩ ሐኪም ቤት ለመታየት ከሪችመንድ እየመጡ እኛ ሆቴል ያድሩ ነበር። ልጃቸው ነው በድረ ገጽ የምትይዝላቸው። የአባልነት ካርዳቸውን በነጭ መሐረብ ጠቅልለው ይይዙታል። ሁሌ እያወጡ ለሪሴፕሽኑ ይሰጣሉ። እኔ የሌሊት ፈረቃ ስሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘኋቸው ሁለት ዓመት ከተመላለሱ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የነገራቸው የለም። ስነግራቸው ዝም አሉ። ከዚያ ካርዱን መልሰው ጠቀለሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለማንም እንግዳ ሳልጠየቅ መናገር ጀመርኩ።

ላንተ ሥራ የማስበው ዊንድሃምን ነው። ሱፐር ኤይት፣ ዴይስ ኢን፣ ላ ኪንታ የእሱ ናቸው። አንተ ከሀይዌይ ስትወርድ የምታያቸው እነሱን ነው። ለአንድ ዶላር 10 ነጥብ ነው። ነገር ግን አንድ ቆይታ ከ1,000 ነጥብ በታች አይሰጥም። ልብ በል፣ 60 ዶላር ከፍለህ በስሌቱ 600 መሆን የነበረበት 1,000 ይሆንልሃል። አንተ ደግሞ በየሌሊቱ ሌላ ከተማ ነህ። እያንዳንዱ ሌሊት ራሱን የቻለ ቆይታ ነው። ለሥራህ የተሠራ ይመስላል።

ነጻ ሌሊቱ አብዛኛውን ጊዜ 7,500፣ 15,000 ወይም 30,000 ነጥብ ነው። ስምንት ጊዜ ብታድር ለ7,500ው ይበቃሃል።

አሁን ደግሞ ሒሳቡን በእውነት እንሥራ። 7,500 የሚጠይቀው ክፍል በገንዘብ 70 ዶላር ቢሆን አንድ ነጥብ 0.93 ሳንቲም ነው። 1,000 ነጥብህ 9 ዶላር ከ30 ያህል ያወጣል ማለት ነው። ስለዚህ ድረ ገጹ ከሆቴሉ በ5 ዶላር ቢረክስ ከሆቴሉ ያዝ። በ15 ዶላር ቢረክስ ያለ ጸጸት ከድረ ገጹ ያዝ። መጀመሪያ ግን በአባልነትህ ገብተህ የሆቴሉን ዋጋ ተመልከት። ለአባል ብዙ ጊዜ ይቀንሳሉ።

ነጥቡ ዕድሜ እንዳለው አትርሳ። በዊንድሃም 18 ወር ምንም ካልተንቀሳቀሰ ይጠፋል። ብታንቀሳቅሰውም እያንዳንዱ ነጥብ ከአራት ዓመት አያልፍም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ እንደምን ሰነበትህ። ልጄን ልድር ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አዳራሹን ከማሪዮት ሆቴሎች አንዱ ጋ አግኝተናል። ከሩቅ ለሚመጣ ዘመድ 20 ክፍል እንድንይዝ ይጠይቁናል። አዳራሹና ምግቡ 25,000 ዶላር ግድም ይደርሳል። አንድ ወዳጄ «በነጥቡ ብቻ የሙሽሮቹን ጉዞ ትሸፍናለህ» አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት! የአብርሃምና የሣራ ያድርግላቸው።

ወዳጅዎ ግማሹን ብቻ ነው የነገሩዎት። ማሪዮት ለዝግጅት ነጥብ ይሰጣል፣ እውነት ነው። ግን 10 አይደለም፣ ለአንድ ዶላር 2 ነው። ደረጃ ለሌለው አባል ከአንድ ዝግጅት ከ60,000 አያልፍም። ከ25,000 ዶላር 50,000 ነጥብ ያገኛሉ። በእኔ ሚዛን 350 ዶላር ነው። ለሙሽሮቹ አንድ ወይም ሁለት ጥሩ ሌሊት ይሆናል። ቲኬቱን አይሸፍንም።

ነጥቡን ለማግኘት የአባልነት ቁጥርዎ ውሉ ላይ መጻፍ አለበት። ከመፈረምዎ በፊት የሽያጭ ክፍሉን «የእኔ ስምና ቁጥር የት ነው የሰፈረው?» ብለው ይጠይቁ። በቃል የተባለ ነገር ከሰርጉ በኋላ የለም። የሽያጭ ሠራተኛዋ ሥራ ልትቀይር ትችላለች፣ ውሉ ግን ይቀራል።

ከነጥቡ ይልቅ ያሳሰበኝ 20ው ክፍል ነው። ውሉን ይግለጡት። ከያዟቸው ክፍሎች ይህን ያህሉ ካልተሞላ ልዩነቱን እርስዎ ይከፍላሉ የሚል አንቀጽ ይኖራል። ብዙ ጊዜ ከ100 እጅ 80 ነው። ከ20 ክፍል 16ቱ መሞላት አለበት ማለት ነው። አሁን ዘመዶቻችንን ያስቧቸው። መምጣታቸውን የሚነግሩን በመጨረሻው ሳምንት ነው። ግማሹ እርስዎ ቤት ምንጣፍ ላይ ይተኛል። ሌላው የአክስቱ ልጅ ጋ ይሄዳል። ሰርግ አልቆ አባት ሪሴፕሽን ላይ ቆሞ ያልተኛበትን ክፍል ሲከፍል አይቻለሁ። በሦስት ሌሊት ስድስት ባዶ ክፍል ምን ያህል እንደሆነ ያስሉት። ከ350 ዶላር ነጥብ በብዙ ይበልጣል።

ስለዚህ 10 ክፍል ብቻ ይያዙ። «ሲሞላ በዚሁ ዋጋ ይጨመርልን» የሚል ውሉ ላይ ያስጽፉ። የአዳራሹ ገንዘብ ከፍ ያለ ስለሆነ ሆቴሉ ይደራደራል። የሙሽሮቹን ክፍል በነጻ እንዲሰጡም ይጠይቁ። ይህን ስንሰጥ ኖረናል። የማይሰጠው ላልጠየቀ ነው።

ክፍላቸውን ራሳቸው የሚከፍሉ እንግዶች ሲገቡ የየራሳቸውን ቁጥር ይስጡ። ለቡድን በተሰጠ ዋጋ ነጥብ መኖር አለመኖሩን ቀድመው ከሆቴሉ ያረጋግጡ። እርስዎም ለአያቶች ከከፈሉና አንዱ ክፍል ውስጥ እርስዎ ካደሩ እስከ ሦስት ክፍል ድረስ ነጥቡ ለእርስዎ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ከዱባይ ነው የምጽፍልህ፣ ጋሼ። የሽያጭ ሠራተኛ ነኝ። ድርጅቱ ወደ ሪያድና ዶሃ ይልከኛል። ሆቴሉን የሚከፍለው እሱ ነው፣ ብዙ ጊዜ የአኮር ሆቴሎች ናቸው። ነጥቡን በስሜ ማስገባት ሌብነት ነው? ዋጋውስ ያን ያህል ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንዲህ ብለህ መጠየቅህን አከበርኩት። የሆቴል አባልነት የሚሰጠው ለሰው እንጂ ለድርጅት አይደለም። ነጥቡ የሚገባው ለተኛው ሰው ነው። ስለዚህ በሆቴሎቹ ደንብ የአንተ ነው። ድርጅትህ ግን የራሱ ደንብ ሊኖረው ይችላል። አለቃህን በግልጽ ጠይቀው። አብዛኛው አለቃ «ውሰደው» ይልሃል። ሌብነት የሚሆነው ነጥብ ለማብዛት ብለህ ውድ ሆቴል ስትመርጥ ነው። ያንን አታድርግ።

የአኮር ጥሩነቱ ማስላት አያስፈልገውም። 2,000 ነጥብ 40 ዩሮ ነው። ዛሬም፣ በበዓልም፣ ርካሹም ሆቴል ውስጥ፣ ውዱም ውስጥ። ከሒሳብህ ላይ ይቀነስልሃል። እንደ ኖቮቴልና ፑልማን ባሉት ለ10 ዩሮ 25 ነጥብ ይሰጣል። ከ100 ዩሮ 5 ዩሮ ተመለሰልህ ማለት ነው። ኢቢስ ውስጥ ግማሹ ነው። ትርፍ ሌሊት አግኝቼ ተደሰትኩ የሚያሰኝ አይደለም፣ ግን አያታልልህም። ለ12 ወር አንድም ጊዜ ካላደርክ ይጠፋል። እሱን ብቻ ጠብቅ።

ጥያቄ፦ ሂልተን ነጥብ በእጥፍ እየሸጠ ነው የሚል መልእክት መጣልኝ። ልግዛ? ደግሞ የማሪዮት ነጥቤን ወደ አየር መንገድ ማይል ብቀይረውስ?

መልስ፦ ሂልተን እጥፍ ሲሰጥ አንዱን ነጥብ 0.5 ሳንቲም ትገዛዋለህ። ከላይ የጻፍኩት ሚዛኔም 0.5 ነው። ስለዚህ ለማጠራቀም አትግዛ። አንድ የታወቀ ሌሊት ኖሮህ ጥቂት ሺህ ከጎደለህ ግዛ።

የማሪዮት 3 ነጥብ 1 ማይል ይሆናል። 60,000 በአንድ ጊዜ ስትቀይር ለአብዛኞቹ አየር መንገዶች 5,000 ይጨመርና 25,000 ማይል ይሆናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ በስታር አሊያንስ ውስጥ ስለሆነ የዩናይትድ ወይም የኤር ካናዳ ማይል ይዘህ በእኛው አውሮፕላን ልትሄድ ትችላለህ። ግን 420 ዶላር የሚያወጣ ነጥብ ሰጥተህ ነው። ቲኬቱ ላይ የጎደለህ ትንሽ ማይል ካልሆነ በቀር ሆቴል ብታድርበት ይሻልሃል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባለቤቴ ካረፈ ሰባት ወር ሆነው። በሥራው ብዙ ይጓዝ ነበር። ትናንት ኢሜይሉን ስመለከት በማሪዮት 310,000 ነጥብ እንዳለው አየሁ። የይለፍ ቃሉን አውቀዋለሁ። ለሙት ዓመቱ ከአትላንታና ከዳላስ ለሚመጡት እህቶቹ ክፍል ልይዝበት አስቤ እጄ ተንቀጠቀጠ። ነውር ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ነፍስ ይማር።

ነውር የለውም። እህቶቹ ወንድማቸውን ለማሰብ መጥተው እሱ ባጠራቀመው ቢያድሩ ምን ነውር አለው? ግን በእሱ ስም ገብተሽ አትያዢ። አካውንቱ የሟች መሆኑ ሲታወቅ ሊዘጋ ይችላል፣ ክፍሉም ሊሰረዝ ይችላል። እንግዶቹ ሻንጣ ይዘው ሪሴፕሽን ላይ ሲቆሙ አይሁን።

ማሪዮት የሟችን ነጥብ ለትዳር ጓደኛ ያዛውራል። አንድ ዓመት ሳይሞላ መጠየቅ አለበት። አንቺ አምስት ወር አለሽ፣ ግን አትጠብቂ። በመጀመሪያ በራስሽ ስም አባል ሁኚ፣ በነጻ ነው። ከዚያ የሞት የምስክር ወረቀቱንና የጋብቻችሁን ወረቀት አዘጋጅተሽ ደውዪላቸው። የሁለታችሁን የአባልነት ቁጥር ስጪ። ያነጋገረሽን ሰው ስምና ቀኑን ጻፊ። በሌላ ኩባንያም ነጥብ ካለው ለየብቻ ደውዪ። ሂልተንም እንዲህ ያለ አሠራር አለው። ኢሜይሉን ወደ ኋላ ሄደሽ ፈልጊ።

ይህን ስጽፍ የራሴን አስታወስኩ። እናቴ የታመመች ጊዜ ሥራ ትቼ ደሴ ሁለት ዓመት ተኩል ቆይቻለሁ። ቀብሬያት ስመለስ በአንድ ትልቅ የሆቴል ኩባንያ የነበረኝ 86,000 ነጥብ ዜሮ ሆኖ ጠበቀኝ። 24 ወር ስላልተንቀሳቀሰ ነው። ብዬ ብዬ አልተመለሰልኝም። ዛሬ ማሪዮትም፣ ሂልተንም፣ ሃያትም 24 ወር ነው የሚሰጡት። አይ ኤች ጂ ደረጃ ለሌለው አባል 12 ወር ብቻ። የባለቤትሽ ነጥብ መጨረሻ የተንቀሳቀሰው መቼ እንደሆነ እኔ ከዚህ አላየውም። ስትደውዪ መጀመሪያ የምትጠይቂው እሱን ይሁን።

ወደ አንቺ ከተዛወረ በኋላ ለእህቶቹ በስማቸው ልትይዢላቸው ትችያለሽ። በነጥብ አምስት ሌሊት ሲያዝ የአራቱ ብቻ ነው የሚቆረጠው። ከሩቅ መጥተው ከሙት ዓመቱ በኋላም ጥቂት ቀን አብረውሽ እንዲቆዩ ከፈለግሽ በዚያ መንገድ ያዢላቸው። ቀኑ ሲወሰን የምትይዢበትን ከተማና ሳምንት ጻፊልኝ። የትኛው ሆቴል እንደሚሻል አብረን እናሰላዋለን።